ሰኞ ማክሰኞ ለእንግሊዝኛ ቃላት

ባምቢስ አካባቢ ለተሰበሰቡ ወላጆችና መምህራን የቀረበ ዲስኩር



ቅዳሜ ከሰዓት ለገበያም፣ ለዘመድ ጥየቃም፣ ለለቅሶም የሚፈለግ ሰዓት ነው። ያንን ትታችሁ ስለ ልጆቻችን እንግሊዝኛ ለመስማት እዚህ ባምቢስ መምጣታችሁ ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚያሳስባችሁ ያሳያል። እኔንም ያሳስበኛል። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ትንንሽ ልጆች የእንግሊዝኛ ቃላት የሚማሩበት ዋናው መንገድ ጨዋታ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ዓርብ ከሰዓት መምህሩ ሲደክመው የሚፈቅደውን መዝናኛ ማለቴ አይደለም። ጨዋታው ራሱ ትምህርት ይሁን ነው የምለው። ለዚህ የሚያስፈልገን ዕቃም ሆነ ዕውቀት አብዛኛው በእጃችን ያለ ነው።

መጀመሪያ ጉዳዩ ለምን እንደሚያስጨንቀን ልናገር። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ይዞ በትምህርት ቤቶቻችን ሥር ሰደደ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እየተማሩ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲይዙት አደረገ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ቆይቷል። እንግዲህ ልጁ ለዚያ ቀን የሚዘጋጅበት ስድስት ዓመት አለው። ስድስቱን ዓመት ያለ በቂ ቃል ከጨረሰ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መምህሩ በአማርኛ ያስረዳዋል፣ እሱ ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ይገለብጣል፣ ለፈተና ሸምድዶ ይገባል፣ ከፈተና ሲወጣ ይረሳዋል። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ መልሱን ቢያውቅም ዕውቀቱ አይደርስለትም።

ስንት ቃል ይበቃዋል ለሚል ወላጅ መልስ አለ። የኒውዚላንዱ የቃላት ትምህርት ሊቅ ፖል ኔሽን ከአንድ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ አንባቢ አንድን ጽሑፍ ያለ ረዳት በደንብ እንዲረዳ ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅ እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። ይህ ሩቅ ግብ ነው፤ ሺዎችን ይጠይቃል። መነሻው ግን ሩቅ አይደለም። ማይክል ዌስት የተባሉ እንግሊዛዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ዝርዝር ውስጥ እጅግ ተደጋግመው የሚመጡትን 2,000 ያህል ቃላት ለቅመው አውጥተዋል፤ ከማንኛውም ተራ ጽሑፍ አብዛኛውን የሚሸፍኑት እነዚህ ናቸው። 2,000 ቃል ለስድስት ዓመት ብናካፍለው በትምህርት ሳምንት ዘጠኝ ወይም አሥር ቃል ይደርሳል። ዘጠኝ ቃል የሚያቅተው ልጅ እዚህ ሰፈር የለም። የሚያቅተን ዘጠኙ ቃል ሳይጠፋ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

ዛሬ በብዙ ቤት ማታ ማታ የሚሆነውን እዩት። ልጁ የደብተሩን ገጽ ለሁለት ያሰምራል፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። አሥር ቃል ነው፤ እያንዳንዱን አምስት አምስት ጊዜ ይጽፋል። እናቱ እራት እያቀረበች ትጠይቀዋለች፣ ከላይ ወደ ታች ይወርድላታል። በማግሥቱ ዲክቴሽን ይፈተናል፣ አሥር ከአሥር ያመጣል፣ ቤቱም ደስ ይለዋል። በሦስተኛው ሳምንት ሰባተኛውን ቃል ብቻውን ነጥላችሁ ጠይቁት። ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሆዱ እየቆጠረ እስከ ሰባተኛው ይወርዳል። ቅደም ተከተሉን እንጂ ቃሉን አልያዘውም። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ መርሳት ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በራሳቸው ላይ ሞክረው አይተውታል፤ በአንድ ቁጭታ የተሸመደደ ነገር አብዛኛው በአጭር ጊዜ ውስጥ ይጠፋል፣ ቀናት እያሳለፉ ደጋግመው ያመጡት ግን ይቆያል።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ሀሁን በዜማ ጨርሶ ሲወጣው መሪጌታው ወዲያው ወደ ንባብ አይወስዱትም። አቡጊዳን ያስጀምሩታል። አ ግዕዝ፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ እየተባለ ፊደሉ ከለመደው መስመር ይወጣል። በዜማው ተሸፍኖ ፊደሉን ሳያይ ያነበነበ ልጅ እዚህ ላይ ይጋለጣል። በስንደዶ እየጠቆመ አንድ በአንድ ካልለየ አያልፍም። ይህን ዘዴ ያወጡ ሰዎች የማስታወስን ነገር ጠንቅቀው የተረዱ ናቸው፤ እኛ የእንግሊዝኛ መምህራን ደብተር ሙሉ ቃል ስናስገለብጥ የተውነው የእነሱን ጥበብ ነው። ከመስመር አውጥቶ መጠየቅ፣ ደጋግሞ መጠየቅ፣ በየቀኑ መጠየቅ። ይህን ሁሉ ልጅ ሳይሰለች የሚያደርገው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በጨዋታ ውስጥ።

ታዲያ ማንኛውም ጨዋታ አይደለም። እኔ አንድን ጨዋታ የምመዝንበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ልጁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቃሉን ስንት ጊዜ ከራሱ ትዝታ አውጥቶ፣ ለፈለገው ጉዳይ ተጠቀመበት? ሥዕል ሲቀባ ቆይቶ ከሥሩ አንድ ቃል የሚጽፍበት ጨዋታ ቆንጆ ነው፤ ግን ቃሉን አንዴ ብቻ ነው የነካው። ሃምሳ ልጅ በአንድ ድምፅ የሚጮኽበትም እንዲሁ ነው፤ አሥሩ ያውቃሉ፣ አርባው ተከትለው አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ልጁ ቃሉን ካላመጣ ጨዋታው የማይሄድለት መሆን አለበት።

ይህን የሚያሟላ ጨዋታ ፍለጋ ብዙ ካታሎግ አገላብጫለሁ። በመጨረሻ ያገኘሁት እዚሁ በራችን ላይ ነው፤ ሰኞ ማክሰኞ።

አጫዋወቱን ታውቁታላችሁ። ሲሚንቶ ላይ ወይም አስፋልት ዳር በቾክ ሳጥን ሳጥን ይሠመራል፣ ጠፍጣፋ ጠጠር ይወረወራል፣ በአንድ እግር ይዘለላል፣ መስመር የረገጠ ተራውን ይለቃል። እኔ የጨመርኩት ጥቂት ነው። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ልጆቹ ራሳቸው ትንሽ ሥዕል ይሥላሉ፤ ለምሳሌ የሳምንቱ ቃላት የቤት ክፍሎችና ዕቃዎች ከሆኑ በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ወጥ ቤት፣ ደረጃ። የእንግሊዝኛው ቃል አይጻፍም፤ ከተጻፈማ ልጁ ያነባል እንጂ አያስታውስም። ዘላዩ በረገጠው ሳጥን ሁሉ ስሙን በእንግሊዝኛ ይጠራል። ጠጠሩ ያረፈበት ሳጥን ላይ ሲደርስ ደግሞ በዚያ ቃል አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ካልሠራ ጠጠሩን አያነሳም። «ማይ ማዘር ኢዝ ኢን ዘ ኪችን» ይበቃል። ዳኞቹ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ናቸው።

የጨዋታው ጉልበት ያለው በነዚህ ዳኞች ላይ ነው። ተራው የሚደርሳቸው ዘላዩ ሲሳሳት ስለሆነ ጆሯቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። መምህር በክፍል ውስጥ በልምምጥ የማያገኘውን ጸጥታ እነሱ ወደው ይሰጣሉ። አምስት ልጆች አሥር ሳጥን ላይ ሩብ ሰዓት ቢጫወቱ አንዱ ልጅ እያንዳንዱን ቃል ስንት ጊዜ እንደሚያወጣ፣ ከሌላው አፍ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደሚሰማ አስቡት። በደብተር ላይ አምስት ጊዜ ከመጻፍ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት ሳጥኖቹ ሲሠመሩ ሰባቱ ከሳምንቱ አዲስ ቃላት፣ ሦስቱ ካለፈው ሳምንት የመጡ ይሁኑ። ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንትም እንደዚሁ። አሮጌው ቃል በየጊዜው ብቅ እያለ ልጁን ይጠይቀዋል፤ ኤቢንግሃውስም መሪጌታውም የሚስማሙበት ሥራ እዚህ ላይ ይሠራል።

አንዲት የ2ኛ ክፍል ተማሪ ትዝ ትለኛለች። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ አንገቷን ደፍታ ጣቷን ትነክሳለች እንጂ ቃል አይወጣትም ነበር። ግቢ ውስጥ ግን በዝላይ የሚያህላት የለም። ሰኞ ማክሰኞውን ስንጀምር ዳር ቆማ ቀናት አየች። አንድ ረፋድ ጠጠሯን ወርውራ ገባች፤ «ዶር፣ ዊንዶው፣ ቤድ» እያለች በአንድ ትንፋሽ ስድስተኛው ሳጥን ደረሰች። ደረጃው ላይ ቃሉ ጠፋት። አንድ እግሯን እንደ አንጠለጠለች ቆመች። ከዳኞቹ አንዷ ልትነግራት አፏን ስትከፍት «ቆይ! ቆይ! አትንገሪኝ!» አለቻት። ሚዛኗን እየጠበቀች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ፈለገችው፣ አገኘችውም፤ «ስቴርስ!» ብላ ዘለለች። መምህራን ባልደረቦቼ፣ የምንፈልገው ያንን «ቆይ» ነው። ልጅ ቃሉን ራሴ ላውጣው ብሎ ሲታገል የሚያወጣው ቃል አይጠፋውም።

ሌላው ሀብታችን እንቆቅልሽ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፣ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፣ ያልመለሰ አገር ይሰጣል። ይህን ሥርዓት እንዳለ ወስዶ ጥያቄውን ብቻ በቀላል እንግሊዝኛ ማድረግ ይቻላል። «ኢት ኦፕንስ ኢን ዘ ሬይን» ቢባል፣ በዝናብ የሚከፈተው ጃንጥላ መሆኑን ለማግኘት ልጁ የጥያቄውን ቃላት ተረድቶ የመልሱን ቃል ያወጣል። ያልመለሰው በአገር ፈንታ ከዚህ በፊት የተማረውን አንድ ቃል ከነትርጉሙ ይሰጣል፤ ቃሉ የተሰጠው ልጅ ባለቤቱ ነውና በቀጣዩ ጥያቄ ሊጠቀምበት ይችላል። በደንብ ከለመዱት ልጆቹ ራሳቸው እንቆቅልሽ ይፈጥራሉ፤ ይህ ደግሞ ከመመለስ የበለጠ ቃል ይጠይቃል። ድብብቆሽም ያገለግላል። ከሰው ይልቅ እርሳስ ተደብቆ «ኢዝ ኢት አንደር ዘ ቴብል?» እየተባለ ሲፈለግ፣ ሥርና ላይ፣ ኋላና ፊት በእንግሊዝኛ ያለ ምንም ማብራሪያ ይገባሉ።

ባምቢስ ላይ የሚኖር ወላጅ ደግሞ ልዩ ዕድል አለው። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከሱፐርማርኬት ነው። ባዶ የወተት ካርቶን፣ የብስኩት መጠቅለያ፣ የዘይት ጠርሙስ፣ የሳሙና ወረቀት አትጣሉ፤ አብዛኛው ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ታትሟል። ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ሱቅ ይክፈቱበት። ሻጩ ዋጋ ይናገር፣ ገዢው ይከራከር፣ መልስ ይቆጠር። ከዚህ ወደ ኡራኤል ወይም ወደ ካዛንችስ ከልጃችሁ ጋር በእግር ስትሄዱም ታፔላ አድኑ። «ፒ የምትባለዋን ፊደል የያዘ ታፔላ ቀድሞ ያየ ነጥብ ያገኛል» በሉ። ፋርማሲ፣ ባንክ፣ ክሊኒክ፣ ሆቴል፣ ፓርኪንግ፤ መንገዱ ሁሉ የተዘረጋ መጽሐፍ ነው፣ ያውም በነጻ።

አሁን ሳላነሳው የማላልፈው ከባድ ጥፋት አለ፤ ብዙዎቻችን መምህራን በቅን ልብ የምንሠራው ነው። ጨዋታውን ልጅ ማስወጫ እናደርገዋለን። የታወቀ ጨዋታ አለ፤ መሪው «ሳይመን ሴዝ» ብሎ ሲያዝ ብቻ ትእዛዙ ይፈጸማል፣ ሳይል ያዘዘውን የፈጸመ ይወጣል። ቃልን በአካል እንቅስቃሴ ማስተማር ትልቅ ጥቅም እንዳለው ጄምስ አሸር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሳይተዋል፤ ልጅ «ጃምፕ» ሲባል ዘሎ፣ «ተች ዩር ኖዝ» ሲባል አፍንጫውን ነክቶ የተማረውን ለመያዝ አይቸገርም። ነገር ግን ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ተመልከቱ። ቃሉን የማያውቀው ልጅ ነው። በሁለተኛው ትእዛዝ ይሳሳታል፣ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ቃሉን ከመጀመሪያውም የሚያውቀው ልጅ ቀርቶ ሃያ ትእዛዝ ይለማመዳል። ደካማው ልምምድ አጣ፣ ጎበዙ የማያስፈልገውን ልምምድ አገኘ። በዚያ ላይ የቆመው ልጅ ስለ እንግሊዝኛ የተማረው ትምህርት ማፈር ነው። ይህን በየቀኑ ብናደርገው በዓመቱ መጨረሻ ክፍሉን ለሁለት ከፍለነዋል። እባካችሁ ማንንም አታስወጡ። እያንዳንዱ ልጅ አምስት የሽምብራ ፍሬ ይያዝ፤ የተሳሳተ አንድ ፍሬ ይከፍልና ጨዋታው ውስጥ ይቆይ። ወይም የተሳሳተው መጥቶ ቀጣዩን ትእዛዝ ራሱ ይስጥ። እንዲህ ሲሆን የተሳሳተው ልጅ ከሁሉም የበለጠ ይናገራል። በሰሌዳ ላይ ፊደል እየገመቱ በስህተት ቁጥር የተሰቀለ ሰው የሚሣልበትንም ጨዋታ ከነሥዕሉ ተዉት፤ ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሣል ነገር አይደለም፣ መሰላል ሣሉበት።

የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን «እኛ ጋ ስልሳ ልጅ ነው፣ ሰኞ ማክሰኞ የት እንሠምራለን?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው። ለእናንተ የሚስማማው ቢንጎ ነው። ሰሌዳ ላይ አሥራ አምስት ቃል ይጻፋል። ልጁ የደብተር ወረቀት አጣጥፎ ዘጠኝ ሳጥን ይሠራል፣ ከአሥራ አምስቱ የወደዳቸውን ዘጠኙን ይጽፋል። ከዚያ ሰሌዳው ይጠፋል። መምህሯ ቃሉን አትጠራም፤ ከጠራችውማ ልጁ ድምፅ ከፊደል ያዛምዳል እንጂ ትርጉም አያስብም። ዕቃውን ታሳያለች፣ ወይም በድርጊት ትተውነዋለች፣ ወይም በቀላል እንግሊዝኛ ትገልጸዋለች። ልጁ ቃሉን ራሱ ደርሶበት የበቆሎ ፍሬ ያስቀምጥበታል፤ ዘጠኙን ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል። አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሦስት ልጆች አንድ ቡድን ሆነው እንዲመካከሩ ብታደርጉ ስልሳው ልጅ ሃያ ቡድን ይሆናል። ርእሰ መምህሩ በበሩ ብቅ ብለው ጫጫታውን ሲሰሙ ቅር እንዳይላቸው አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሃያ ቡድን «እኔ እኮ አምብሬላ ነው ያልኩት» እያለ የሚከራከርበት ጫጫታ ትምህርት ነው።

ስለ ስልክና ታብሌት መጠየቃችሁ አይቀርም። እዚሁ አገራችን ውስጥ የተደረገ ትልቅ ሙከራ አለ። በ2004 ዓ.ም. «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች፣ በእያንዳንዱ መንደር ወደ ሃያ የሚደርሱ ታብሌቶችን ከነፀሐይ ኃይል መሙያው ሰጠ። መምህር አልተመደበም። በታብሌቶቹ ውስጥ የፊደል ጨዋታዎች፣ ዘፈኖችና ታሪኮች በእንግሊዝኛ ተጭነው ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት ልጆቹ ማብሪያ ማጥፊያውን ያገኙት በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ በሁለት ሳምንት ደግሞ የእንግሊዝኛውን ፊደል እየዘፈኑ በመንደሩ ይዞሩ ነበር። እኔ ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የገጠር ልጅ ማንም ሳያዝዘው ለጨዋታ ብሎ ብቻ ይህን ያህል መሄዱ፤ የማወቅ ጉጉቱ ሳይነካ ካገኘነው ሩቅ ይደርሳል። ሁለተኛው ግን ፊደል መዝፈንና መነጋገር የተለያዩ መሆናቸው ነው። ስክሪን ይጠራል እንጂ አይሰማም፤ ልጁ የተናገረውን ሰምቶ የሚስቅ፣ የሚከራከር፣ «አልገባኝም» የሚል ሰው ያስፈልገዋል። በወንጪም ቢሆን ልጆቹ አንድ ታብሌት ከብበው እርስ በርስ ይማማሩ ነበር። ስለዚህ ለልጃችሁ ስልኩን ከሰጣችሁት ብቻውን ጥግ ይዞ አይቀመጥ፤ ከወንድሙ፣ ከእህቱ ወይም ከእናንተ ጋር ይሁን።

ጨዋታ በገንዘብ ብዛት እንደማይሠራም የራሳችን ሰው አሳይተውናል። ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ አዲስ አበባ ውስጥ የ1ኛ ክፍል መምህርት ነበሩ። ከባለቤታቸው ከሼን ኢትዘንሃውዘር ጋር ሆነው ከካልሲ በተሠሩ አሻንጉሊቶች የጀመሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የልጆች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም አቀፉን የፕሪ ዠኔስ ሽልማት አግኝቷል። ፕሮግራሙ የተጀመረው በአማርኛ ነው፤ ይህም የምደርስበትን ነጥብ ያግዝልኛል።

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ አማርኛ የተናገረ ልጅ ይቀጣሉ። ወላጅም ይህን የጥራት ምልክት አድርጎ ይከፍልበታል። ይህ ስህተት ነው፤ ደግሜም እላለሁ፣ ስህተት ነው። አንድን ነገር በአማርኛ በደንብ የሚያውቅ ልጅ እንግሊዝኛው ስሙን ብቻ ይጨምርለታል። በሁለቱም የማያውቀው ልጅ ግን ባዶ ድምፅ ይሸከማል። የጨዋታውን ሕግ በአማርኛ አስረዱ፤ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፣ ቀሪው ጊዜ ሁሉ ለእንግሊዝኛው ቃል ይተርፋል። በእንግሊዝኛ ካላስረዳን ብለን ሩብ ሰዓት ስንደነጋገር የሚባክነው የልጆቹ ጊዜ ነው። ልጅ በአማርኛው ተቀጥቶ እንግሊዝኛን አይወድም፤ ይፈራዋል። የሚፈራውን ቋንቋ ደግሞ ማንም አይናገረውም።

«እኔ የምከፍለው ልጄ እንዲማር እንጂ እንዲጫወት አይደለም» የሚሉ አባቶች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። ለልጃቸው የሚከፍሉት ከራሳቸው ቀንሰው ነው። ለእነሱ የምለው ይህን ነው፦ ጋሼ፣ ደብተሩን ትተው ልጁን ይፈትኑት። ከወር በፊት ካጠናቸው ቃላት አምስቱን፣ ከወር በፊት ከተጫወተባቸው አምስቱን፣ ደበላልቀው ይጠይቁት። ውጤቱን አይተው ይፍረዱ። ደብተሩን ጣሉት ማለቴም አይደለም። የፊደል አጻጻፍ በእጅ ካልተጻፈ አይያዝም፤ ግን ይጻፍ የሚባለው ልጁ በአፉ ካወቀው በኋላ ይሁን።

የመጨረሻው ጉዳይ ቦታ ነው። ካዛንችስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ መልኩ ተቀይሯል። ብዙ ቤተሰብ ወደ ሌላ አካባቢ ሄዷል፤ ልጆቻችን አብረዋቸው ያደጉ ጓደኞቻቸውን አጥተዋል፤ ይጫወቱበት የነበረው ጉራንጉርም የለም። የቀረው ልጅ ብዙውን ጊዜ ቤት ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ነው። ሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ለብቻ አይጫወቱትም፤ ሌላ ልጅ ይፈልጋል። በጉራንጉሩ ፈንታ ግን ሰፊ የእግረኛ መንገድ አግኝተናል። የሕንፃ ጥበቃዎች፣ የሱቅ ባለቤቶች፣ የሰፈር ሽማግሌዎች፤ ልጆች ደጃችሁ ቾክ ይዘው ሲንበረከኩ እባካችሁ አታባርሯቸው። ቾክ በአንድ ባልዲ ውኃ ይጠፋል።

ርእሳነ መምህራንን በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ እለምናለሁ፤ ከእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ተቀንሶ ለቃል ጨዋታ ብቻ የሚውል፣ በዕቅዱ ላይ የተጻፈ። ወላጆችን ደግሞ ዛሬ ማታ እንድትጀምሩ እለምናለሁ። «ምን ተማርክ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «የተጫወትከውን አስተምረኝ» በሉት። ያስተምራችኋል። ስትሳሳቱ ያርማችኋል፣ በማረሙም ይኮራል። እንግሊዝኛ አልችልም የምትሉ እናቶች ከሁሉም የተሻላችሁ ተማሪዎች ናችሁ፤ ልጁ ለእናንተ ሲያስረዳ ቃሉን ሦስት ጊዜ ያወጣዋል።

በመውጫው በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ቾክ ተቀምጧል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ፓኬት ይደርሳል፤ ሳትወስዱ አትሂዱ።